አሳንሰሩ ውስጥ ካሜራ ባይኖር ኖሮስ? ለፕሮፌሽናል ስፖርት ሊጎች አመራሮች ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የሊግ አመራሮች፣ የክለብ ባለቤቶችና የተጫዋቾች ማኅበር ኃላፊዎች፤

ተጫዋቾች በቤታቸው ሴቶችን ሲመቱ ሊጎች ስለሚሰጡት ቅጣት ይህን የምጽፍላችሁ ደጋፊ ስለሆንኩ ነው። ስፖርት እወዳለሁ። ቡድኔ ሲሸነፍ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ሲያሸንፍ ደግሞ የማላውቀውን ሰው አቅፌ እጨፍራለሁ። ስለዚህ የማወራው ከውጭ ቆሜ አይደለም።

ከዓመታት በፊት አንዲት የቅርብ ጓደኛዬ ከአንድ ተጫዋች ጋር ትኖር ነበር። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚጫወት አልናገርም፤ እሷም እንዲነገር አትፈልግም። አንድ ቀን ለተጫዋች ቤተሰቦች በተለየው ቦታ አብሬያት ገባሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እሷ ግን እጅጌው እስከ ጣቷ የሚደርስ ሹራብ ለብሳለች። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ እሱ ጎል አገባ። ወደ እኛ አቅጣጫ ሮጦ መጣና ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ። መዳፉን ስሞ ላከላት። ወዲያው ትልቁ ስክሪን ላይ የእሷ ፊት ወጣ። ስታዲየሙ ጮኸ። ሁሉም ቆሞ ያጨበጭባል። እሷም ፈገግ ብላ በቀኝ እጇ ጉልበቷን ቸብ ቸብ ታደርጋለች። ግራ እጇን ግን አላነሳችም። ያኔ ነው ዞር ብዬ በደንብ ያየኋት። እጅጌው ትንሽ ሸሸት ብሏል። አንጓዋ አብጦ ጠቁሯል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«በኋላ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። ፈገግታዋም አልጠፋም። ካሜራው ገና ከእሷ ላይ አልዞረም ነበር።

በኋላ ነገረችኝ። ከሦስት ቀን በፊት ለክለቡ ደውላ ነበር። ስልኩን ያነሳው ሰው አልተቆጣትም፣ አልሰደባትም። በትሕትና ነው የመለሰላት። «እህቴ፣ አይዞሽ» አላት። «እስቲ ነገሩን እዚያው በቤታችሁ ጨርሱት። ቅዳሜ ከባድ ጨዋታ አለብን።» ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አልደወለላትም። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ያ ሰው ክፉ አለመሆኑ ነው። ሥራው ቅዳሜ በሰላም እንዲያልፍ ማድረግ ነበር፤ ሥራውን ሠራ። ጓደኛዬን ማዳን የማንም የሥራ ድርሻ አልነበረም። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ሁለት ዓመት ቆየች።

እናንተ ጋ ይህ ታሪክ አይታወቅም። ካሜራ የያዘው ፈገግታዋን ብቻ ነው። የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው። ላለፉት ዓመታት የሊጎችን ቅጣት ስከታተል፣ ቅጣታችሁ የሚከተለው ጥቃቱን ሳይሆን ምስሉን እንደሆነ ነው ያየሁት። አንድ በአንድ ላሳያችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ፌብሯሪ 15 ቀን 2014። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ተጫዋች የነበረው ሬይ ራይስ፣ አትላንቲክ ሲቲ ባለ የካዚኖ ሆቴል አሳንሰር ውስጥ እጮኛውን መትቶ ራሷን አሳታት። የእሷን ስም እዚህ አልጽፍም፤ በዚያ ቪዲዮ የተነሳ ከበቂ በላይ ተንከራቷል። ከቀናት በኋላ አንድ ቪዲዮ ወጣ። ራሷን የሳተችውን ሴት ከአሳንሰሩ ጎትቶ ሲያወጣት ያሳያል። እንግዲህ ጤነኛ ሴት አሳንሰር ውስጥ ገብታ፣ በድን ሆና ተጎትታ ስትወጣ መሐል ላይ ምን እንደተፈጠረ ለመገመት መርማሪ መሆን አያስፈልግም። ሊጉ ግን ጁላይ 24 ቀን ቅጣቱን አሳወቀ። 2 ጨዋታ!

በዚያው ሰሞን ጆሽ ጎርደን የተባለ ሌላ ተጫዋች በማሪዋና ምክንያት ቢያንስ ለአንድ ዓመት ታገደ። በኋላ ወደ 10 ጨዋታ ዝቅ አለለት። ሁለቱን ቅጣቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ጮኸ። ጩኸቱ ሲበረታ የሊጉ የበላይ ኃላፊ (ኮሚሽነሩ) ሮጀር ጉዴል ኦገስት 28 ቀን ለክለብ ባለቤቶች በጻፉት ደብዳቤ ስህተት መሥራታቸውን አመኑ። አዲስ ደንብም አወጡ፤ ለመጀመሪያ ጥፋት 6 ጨዋታ፣ ለሁለተኛው ከሊጉ መባረር። ደግ አደረጉ።

ከዚያ ሴፕቴምበር 8 መጣ። ሁለተኛው ቪዲዮ ወጣ። ይሄኛው አሳንሰሩ ውስጥ የተቀረጸው ነው፤ ቡጢው ይታያል። በዚያው ቀን ክለቡ ባልቲሞር ሬቨንስ አሰናበተው። ሊጉም ላልተወሰነ ጊዜ አገደው። ስድስት ወር ሙሉ ያልተቻለው ነገር በአንድ ቀን ተቻለ።

ኖቬምበር ላይ ደግሞ ይግባኙን ያዩት የቀድሞዋ ዳኛ ባርባራ ጆንስ ያንን እገዳ ሻሩት። ምክንያታቸውን ስትሰሙ ይገርማችኋል። ራይስ ጁን ላይ ኮሚሽነሩ ፊት ቀርቦ መምታቱን ተናግሯል፤ አልዋሸም። ስለዚህ ለአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ሊቀጣ አይገባም ብለው ወሰኑ። ሊጉ ሴፕቴምበር 8 ቀን አዲስ ያወቀው ነገር አልነበረም ማለት ነው። አዲሱ ነገር ማየቱ ነበር። ሊጉ ራሱ የቀጠራቸው የቀድሞው የኤፍቢአይ ዳይሬክተር ሮበርት ሙለርም በ2015 መጀመሪያ ባወጡት ሪፖርት፣ ሊጉ ሁለተኛውን ቪዲዮ ቀድሞ ስለማግኘቱ ማስረጃ ባያገኙም፣ በእጁ የነበረው መረጃ ጠለቅ ብሎ እንዲመረምር በቂ እንደነበር ጽፈዋል።

ነገር በዓይን ይገባል ይባላል። ለተራ ሰው ይሁን። ተቋም ግን በዓይን የሚያየውን ብቻ የሚያምን ከሆነ፣ ካሜራ በሌለበት ቤት የሚደበደቡት ሁሉ ለእሱ የሉም። ጥቃት ደግሞ የሚፈጸመው እዚያ ነው። መኝታ ቤት። መኪና ውስጥ። ወጥ ቤት። ልጅ ከተኛ በኋላ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ትዕይንት ስላልረሳሁት። ሜይ 23 ቀን 2014 ራይስና ሴትዮዋ በክለቡ ግቢ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጡ። በዚያን ጊዜ ተጋብተዋል። ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ማይክ። እሱ የክለቡን ባለቤት ይቅርታ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁን፣ አሰልጣኙን፣ ደጋፊውን ይቅርታ ጠየቀ። አጠገቡ የተቀመጠችውን ሴት ግን አልጠየቃትም፤ ይህንን ራሱም ጁላይ ላይ አምኗል። እሷ ደግሞ በዚያች ሌሊት ለነበራት ድርሻ መጸጸቷን ተናገረች። ክለቡ ያንን የእሷን ጸጸት መርጦ በትዊተር ገጹ ላይ ለጠፈው። ቆይቶ፣ ሁለተኛው ቪዲዮ ከወጣ በኋላ አጠፋው። የተመታችው ሴት መጸጸቷ ለሕዝብ የሚበተን ዜና ሲሆን እዚያ ክለብ ውስጥ «ኧረ ይሄ ነገር ልክ አይደለም» የሚል አንድ ሰው እንኳ አለመኖሩ ነው እኔን ያመመኝ። ወይም ነበረ፤ የሚሰማው አጣ።

አሁን ደግሞ ቪዲዮ ያልነበረበትን ጉዳይ እንይ። ኦክቶበር 2015 ላይ የቤዝቦል ተጫዋቹ አሮልዲስ ቻፕማን ቤት ፖሊስ ተጠራ። የፍቅር ጓደኛው አንገቴን አነቀኝ ብላ ተናገረች። እሱ አልጎዳኋትም አለ። ጋራዥ ውስጥ ግን 8 ጥይት ተኩሷል። ክስ አልተመሠረተም። ያኔ የሲንሲናቲ ሬድስ ተጫዋች ነበር፤ ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሊዛወር ጫፍ ደርሶ ነበር። ወሬው ሲሰማ ዝውውሩ ከሸፈ። ከዚያ ኒውዮርክ ያንኪስ መጣና በዲሴምበር ወሰደው። ዋጋውም በሁኔታው ምክንያት ዝቅ ብሎ እንደነበር የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ራሳቸው አልደበቁም።

ልብ በሉ። አንዲት ሴት አለቀሰች፣ በገበያው ላይ ዋጋ ቀነሰ። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል 30 ጨዋታ አገደው። እገዳውን ጨርሶ ተመለሰ። በ2016 ጁላይ ያንኪስ ለቺካጎ ከብስ አሳልፎ ሰጠው፤ በምትኩ ተስፋ የተጣለባቸው ወጣት ተጫዋቾችን አገኘ። ከብስ በዚያው ዓመት ዋንጫ በላ። ቻፕማን በዲሴምበር ወደ ያንኪስ ተመለሰ፤ ለ5 ዓመት በ86 ሚሊዮን ዶላር። ሁሉም አተረፈ። ሬይ ራይስ ግን ከዚያ በኋላ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። የሁለቱ ሰዎች ጉዳይ አንድ ነው እያልኩ አይደለም። አንዱ ማድረጉን አምኗል፣ ሌላው ክዷል። ግን እውነቱን እንነጋገር። የአንዱ ሌሊት በካሜራ ተይዟል፣ የሌላው አልተያዘም። ዕጣቸውን የለየው በአብዛኛው ይሄ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ቻፕማንን የቀጣው የቤዝቦል ደንብ ካየኋቸው ደንቦች ሁሉ የተሻለ ነው። በኦገስት 2015 ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ ተስማምተው ያወጡት ነው። የቤት ውስጥ ጥቃትን፣ ወሲባዊ ጥቃትን፣ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በአንድ ላይ ያያል። ኮሚሽነሩ ለመቅጣት የፍርድ ቤት ውሳኔ መጠበቅ የለበትም። ምርመራው እስኪካሄድ ተጫዋቹን በፈቃድ ስም ከሜዳ ማራቅ ይቻላል። ባለሙያዎች ያሉበት ቦርድ ለተጫዋቹ የሕክምናና የምክር ዕቅድ ያወጣል። ተጫዋቾቹ ተስማምተውበት መውጣቱ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ «በላያችን ላይ ጫኑብን» ማለት አይችሉም። ጉድለቱ ግን አለ። ተጫዋቹ ወደ ገለልተኛ የግልግል ዳኛ ይግባኝ ማለት ቢችልም፣ ቅጣቱን የሚወስነው ኮሚሽነሩ ነው። ኮሚሽነሩን የሚቀጥሩት ደግሞ የክለብ ባለቤቶቹ ናቸው።

«ለፍርድ ቤት እንተወው» የምትሉትን ሁልጊዜ እሰማለሁ። ሲጀመር ጥሩ ይመስላል። ማንም ሰው እስኪፈረድበት ንጹሕ ነው፤ ይህንን እኔም አምናለሁ። ግን ፍርድ ቤት የሚጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ይህን ሰው እስር ቤት እናስገባው ወይ? ለዚያ መልስ ከጥርጣሬ በላይ የሆነ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስፈለጉም ልክ ነው። እናንተ የምትጠየቁት ግን ይህ ሰው የእኛን ማልያ ለብሶ ይሰለፍ ወይ የሚለውን ነው። ይሄ የአሠሪ ጥያቄ ነው። ተጫዋች ጎል አግብቶ ማልያውን ቢያወልቅ በዳኛው ቢጫ ይሰጠዋል። አሰልጣኝ ስለ ዳኛ ክፉ ቢናገር ትቀጡታላችሁ። ስፖንሰራችሁ የማይፈልገው ጫማ ያደረገ ተጫዋች ከታየ ትቀጡታላችሁ። ለእነዚህ ሁሉ ፍርድ ቤት ጠብቃችሁ አታውቁም። የሴት ልጅ አጥንት ሲሰበር ብቻ የሕግ ሊቅ መሆን ለምን ያምራችኋል?

ደግሞ እነዚህ ክሶች ለምን እንደሚከስሙ አታጡትም። ተበዳይዋ ትደክማለች። ትፈራለች። ዘመድ ይማልዳል፣ ወኪሉ ይደውላል፣ ጠበቃው «ልጆችሽን አስቢ» ይላል። ገንዘብ ይከፈላል። ምስክር ሳትሆን ትቀራለች፣ ክሱ ይዘጋል። ከዚያ ክለቡ መግለጫ ያወጣል፤ ጉዳዩ በሕግ አግባብ ተቋጭቷል ብሎ። ተቋጨ እንጂ አልተመረመረም።

በሐሰት የሚከሰስ ተጫዋችስ? ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በቁም ነገር መመለስ አለበት። አውስትራሊያ ውስጥ የራግቢ ሊጉ በ2019 አንድ ሕግ አወጣ። ከፍተኛ ቅጣቱ 11 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ እስራት በሆነ ወንጀል የተከሰሰ ተጫዋች ክሱ እስኪያልቅ ከጨዋታ ይርቃል። ደሞዙ ግን አይነካም፣ ልምምዱንም አይከለከልም። ጥፋተኛ ነህ አልተባለም፤ ለጊዜው ቆይ ነው የተባለው። አንድ ተጫዋች ይህን ተቃውሞ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ተሸነፈ። ከሁለት ዓመት በላይ ከሜዳ ራቀ። ጉዳዩ ሁለት ጊዜ ቀርቦ ከተራ ዜጎች የተውጣጣው የፍርድ ሸንጎ (ጁሪ) በአብዛኛው ክስ ላይ መስማማት አቅቶት በመጨረሻ የቀረው ክስ ተነሳ። ወደ ሜዳ ተመለሰ። ሁለት ዓመት ለተጫዋች ብዙ ነው፤ ዕድሜው አጭር ነው። ይህንን ጉዳት አላቃልለውም። ቢሆንም ደሞዙ እየገባ፣ ጥፋተኛ ሳይባል የቀረ ሰው ካጣው ነገር ጋር፣ በየሳምንቱ እየተጨበጨበለት ቤት ሲገባ ከሚማታ ሰው ጋር የምትኖር ሴት የምታጣውን ሳነጻጽር የአውስትራሊያውን መንገድ እመርጣለሁ። ብቻ ምርመራው ይፍጠን። የራሳችሁ ምርመራ የፍርድ ቤትን ቀጠሮ እየተከተለ ዓመት መቆጠር የለበትም።

አሁን ብዙዎች የሚስቱትን ነጥብ ላንሳ። እኔም ለረጅም ጊዜ ስቼዋለሁ። ድሮ «ዕድሜ ልክ አግዷቸው! ሳንቲም እንዳያገኙ!» እል ነበር። ጓደኛዬ ናት ያስቆመችኝ። «እሱን ቢያባርሩት የቤቱን ኪራይ ማን ሊከፍል ነው?» አለችኝ። «ደሞዙ ሲቀር ንዴቱን የሚወጣው በማን ላይ ይመስልሃል?» አፌን ያዝኩ። የራይስ ባለቤትም በ2014 ክለቡ ሲያሰናብተው ባሏ ዕድሜ ልኩን የለፋበትን ነገር ስለነጠቁት ሰዎች በምሬት ጽፋለች። ሰው ገረመው፤ አንዳንዱም ሰደባት። እኔ ግን አሁን ይገባኛል። የቤቱ ገቢ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ መኖሪያው፣ ዘመዱ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ሰው እግር ላይ ነው። ስልክ አንስታ ብትደውል ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደሚፈርስ ካወቀች አትደውልም። ቅጣቱ በከበደ ቁጥር ዝም የምትለው እሷ ናት።

ታዲያ አትቅጡ ማለቴ ነው? አይደለም። ከቅጣቱ በፊት እሷን አስቀድሙ ማለቴ ነው። የታገደ ተጫዋች ደሞዝ ሲቆረጥ ገንዘቡ የት ይሄዳል? ከዚያ ላይ ለተበዳይዋና ለልጆቹ መኖሪያ፣ ሕክምና፣ ጠበቃ ይመደብ። እሱን ሳታናግር፣ እሱን ሳትለምን የምታገኘው ይሁን። የተጫዋቾች ማኅበሮችም እዚህ ላይ አንድ ቃል ይበሉ። አባላችሁን መከላከል ሥራችሁ ነው፤ ይገባኛል። ግን የአባላችሁ ሚስት በሕክምና መድኑ የምትታከመው በእናንተ ስምምነት ነው። እሷም የእናንተ ሰው ናት።

ስልኩን ደግሞ ማን ያንሳው? ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ይህንን ነው። ለክለቡ የሚደውል ሰው ቅዳሜ ጨዋታ ያለበትን ሰው እንዳያገኝ። ከክለቡ ደሞዝ የማይቀበል፣ ለአሰልጣኙ የማይናገር፣ ለኮሚሽነሩ ሪፖርት ከማድረጉ በፊት እሷን «ምን እንዲደረግልሽ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይሁን። በዚህ ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ መጠለያ ያላቸው፣ ጠበቃ ያላቸው ማኅበራት አሉ። እነሱን ቅጠሩ። የስልክ ቁጥሩ ደግሞ ለተጫዋቹ በሚሰጥ የደንብ መጽሐፍ ገጽ 84 ላይ አይቀበር። ለሚስቱ፣ ለፍቅር ጓደኛው፣ ለእናቱ በቀጥታ ይድረሳቸው። የስታዲየም መግቢያ ካርድ ስትልኩላቸው ያንን ቁጥር አብራችሁ ላኩ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የምትጫወቱበትን ሣር ለማጠጣት የምታወጡትን እንኳ የሚያህል አይመስለኝም።

ክለቦችን በተመለከተ ደግሞ ጠንከር ልበል። አሁን ባለው አሠራር ተጫዋች ይቀጣል፣ ክለብ ያዝናል፣ በቃ። በ2022 የኤንኤፍኤሉ ክለብ ክሊቭላንድ ብራውንስ ዲሾን ዋትሰን የተባለ ተጫዋች አስፈረመ። ከሃያ በላይ ሴቶች በወሲባዊ ትንኮሳ በፍትሐ ብሔር ከሰውት በነበረበት ሰዓት ነው። እሱ ሁሉንም ክዷል፤ የወንጀል ክስም አልተመሠረተበትም። ክለቡ ግን የሰጠውን ውል ተመልከቱ። 230 ሚሊዮን ዶላር፣ ሙሉ በሙሉ ዋስትና ያለው። የመጀመሪያው ዓመት መሠረታዊ ደሞዙ ደግሞ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ሆነ። ለምን? በእገዳ ጊዜ የሚቆረጠው ከመሠረታዊ ደሞዝ ነው። እገዳ ቢመጣ እንዳይጎዳው ተደርጎ የተሠራ ውል ነው ብሎ ብዙ ሰው ተናግሯል፤ እኔም ሌላ ምክንያት አይታየኝም። እገዳው መጣ፤ 11 ጨዋታና 5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት። 5 ሚሊዮኑ ባይጨመር ኖሮ እገዳው ብቻውን ኪሱን ብዙም አይነካውም ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ውል አትፍቀዱ። ምርመራ ላይ ያለ ተጫዋች የሚያስፈርም ክለብ ስለ ጉዳዩ ማንን እንዳነጋገረ፣ ምን እንዳጣራ በጽሑፍ ለሊጉ ያስገባ። ጥቃት ሲነገረው ያድበሰበሰ ክለብ ነጥብ ይቀነስበት። አዎ፣ ነጥብ። ገንዘብ አያሳምማቸውም። ሂሳብ አሳስቶ ያቀረበ ክለብ ነጥብ የሚቀነስበት ሊግ አለ። ስልክ አንስቶ «በቤታችሁ ጨርሱት» ያለ ክለብ ለምን አይቀነስበትም? ያኔ ያ ትሑት ሰውዬ ስልኩን ሲያነሳ የሚያስበው ሌላ ነገር ይሆናል።

ስለ መመለስም ልበል። ሰው ሊለወጥ እንደሚችል አምናለሁ። አንድ ጊዜ ያጠፋ ሁሉ እስከ ሞት ይባረር አልልም። ግን ጨዋታ መቁጠር ብቻውን ምን ይለውጣል? 6 ጨዋታ ቤቱ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያየ ሰው በሰባተኛው የተለየ ሰው አይሆንም። መመለሻው በጊዜ ሳይሆን በሥራ ይለካ። ያደረገውን አምኗል? የታዘዘለትን ምክር ጨርሷል? ለወራት እንጂ ለሦስት ቀን ያልሆነ? ባለሙያው ምን አለ? እሷስ ደኅና ናት? መልሱ ከተገኘ ይመለስ። ሲመለስ ግን እባካችሁ የጀግና አቀባበል አታድርጉለት። «ከፈተና በኋላ ተመለሰ» የሚል ቪዲዮ አትሥሩለት። ፈተና የደረሰባት እሷ ናት።

ቸልታው የት ሊያደርስ እንደሚችል ታውቁታላችሁ። ዲሴምበር 1 ቀን 2012፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ተጫዋች ጆቫን ቤልቸር የ22 ዓመቷን የልጁን እናት በጥይት ገደላት። ሕፃኗ የ3 ወር ልጅ ነበረች። ከዚያ መኪናውን እየነዳ ወደ ክለቡ ሄደ። አሰልጣኙና ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሞ አመሰገናቸውና ራሱን ገደለ። በማግሥቱ እሑድ፣ በክለቡ ስታዲየም፣ ጨዋታው ተካሄደ። የቤት ውስጥ ጥቃት ሰለባዎች በጸሎት ዝምታ ታሰቡ። ቺፍስ 27 ለ 21 አሸነፈ። ደቡብ አፍሪካዊው ኦስካር ፒስቶሪየስም ከሁለት ወር በኋላ የፍቅር ጓደኛውን ሪቫ ስቲንካምፕን ገደላት፤ ከመግደሉ በፊት ዓለም ሁሉ የሚያጨበጭብለት ሯጭ ነበር።

ሴት አትሌቶችንም አትርሱ። ጥቃት አድራሹ ሁልጊዜ ማልያ የለበሰው አይደለም። ኬንያዊቷ አግነስ ቲሮፕ ሴፕቴምበር 2021 ላይ በሴቶች ብቻ ውድድር የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ላይ ክብረ ወሰን ሰበረች። 30 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ። በሚቀጥለው ወር ኢቴን በሚገኘው ቤቷ ተወግታ ሞታ ተገኘች። 25 ዓመቷ ነበር። በግድያው ባለቤቷ ተከሰሰ፤ እሱ ክዷል። በ2024 ደግሞ ኡጋንዳዊቷ ሬቤካ ቼፕቴጌ ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ሮጣ በተመለሰች በሳምንታት ውስጥ የቀድሞ የፍቅር ጓደኛዋ ቤንዚን አርከፍክፎ አቃጠላት። ሴፕቴምበር 5 ቀን አረፈች። የእነዚህን ሴቶች ደም ስትመረምሩ ኖራችኋል። ለዶፒንግ ምርመራ በየቀኑ የት እንደሚያድሩ የሚታወቅ አትሌቶች አሉ፤ መርማሪ ሳይነገራቸው ማለዳ በራቸውን ያንኳኳል። የሚያድሩበትን ቤት የሚያውቅ ስፖርት፣ እዚያ ቤት ውስጥ በሰላም ያድራሉ ወይ ብሎ መጠየቅ አይከብደውም ነበር።

ጓደኛዬ ዛሬ ደኅና ናት። ከዚያ ቤት የወጣችው በክለብም በሊግም እርዳታ አይደለም። አንድ ሌሊት ሻንጣ ሳትይዝ ወጥታ እኔ ቤት መጣች። ጫማ አላደረገችም። እሱ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተሰለፈ፤ ኮሜንታተሩ በጣም ጥሩ ብቃት ላይ ነው አለ። እሷ ሶፋዬ ላይ ተኝታ ነበር፣ እኔ ድምፁን አጠፋሁት። ጨዋታውን ግን አየሁት። ይህን ለመናገር አፍራለሁ፤ አየሁት።

ይህንን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት አንብቤላታለሁ። «የስልኩን ነገር ደጋግመህ ጻፍላቸው» ነው ያለችኝ። እነሆ ጻፍኩ። የሚቀጥለው የውድድር ዘመን ሲጀምር እያንዳንዳችሁን አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። የተጫዋቾቻችሁ ቤተሰቦች ያ ቁጥር ደርሷቸዋል ወይስ አልደረሳቸውም? ሲደውሉስ ማነው የሚያነሳው?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ደጋፊ